በዓይን ወይስ በልክ? በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ያለ አንድ ፑል ቤት ከነአራት ጠረጴዛው

ስሙ ይቆየን። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በምትታጠፍ ቅያስ፣ ከአንድ ጁስ ቤት ጀርባ ያለ ባለ አራት ጠረጴዛ ፑል ቤት ነው። ስለ ፑል ቤት ሲወራ ሰው የሚጠይቀው ጌሙ ስንት እንደሆነና ወረፋ እንዳለው ነው። ክፍያው እንደ ሌላው ቤት በጌም ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ወረፋው ከአሥር ሰዓት በኋላ ይበረታል። ከዚያ በላይ ስለዚህ የሚባል ነገር የለም። እዚህ የሚገመገመው የትኛው ጠረጴዛ በዓይኑ ለሚመታ፣ የትኛው ደግሞ በልክ ለሚመታ ተጫዋች እንደሚሆን ነው።

በዓይኑ የሚመታው ኳሷን ያያል፣ ቀዳዳውን ያያል፣ ጎንበስ ይልና ይመታል። ለምን እዚያ ጋ እንደመታ ብትጠይቁት መልስ የለውም። በልክ የሚመታው ከመጎንበሱ በፊት መስመር ያሰምራል፣ ነጯ (በስቲክ የምትመታዋ ኳስ) የት ደርሳ የምትገባዋን ኳስ መንካት እንዳለባት ቦታውን ለይቶ ያውቃል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ የሚያስጮህ ነው። የዚህ ቤት ጠረጴዛዎች ግን ክርክሩን በራሳቸው መንገድ ይፈርዱታል። በሁለቱ ላይ ልክ ያዋርዳል፣ በአንዱ ላይ ሁለቱም መላ አያገኙም፣ በአንዱ ላይ ብቻ የሰራችሁት ስሌት እንዳሰባችሁት ይሄዳል።

መጀመሪያ ስለ ልኩ። የፑል ኳስ ስፋት 57.15 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ነጯ ኳሷን በምትነካበት ቅጽበት የሁለቱ መሃል ለመሃል ርቀት 57.15 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ አይለወጥም። ከዚህ የሚወጣው ዘዴ በዓለም ሁሉ የታወቀው የማትታየዋ ኳስ ዘዴ ነው። ከምትገባዋ ኳስ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ቀዳዳው መሃል መስመር አሰምሩ። መስመሩ ኳሷን በጀርባዋ በኩል የሚወጣበት ነጥብ የመነኪያ ነጥቧ ነው። ከዚያ ነጥብ በዚያው መስመር ወደ ኋላ 2.86 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የኳስ ግማሽ፣ ለኩና የስቲኩን (የመምቻውን እንጨት) ጫፍ ጨርቁ ላይ አሳርፉ። የማትታየዋ ኳስ መሃል እሱ ነው። ጫፉን ሳታነሱ የስቲኩን መያዣ ወደ ነጯ አዙሩና ስቲኩ በነጯ መሃል ላይ ሲያልፍ የምት መስመራችሁን አገኛችሁ። በዚያ መስመር ቆማችሁ ጎንበስ በሉ። ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ወደ መነኪያው ነጥብ ራሱ ያነጣጥራል። የነጯ መሃል ወደ መነኪያው ነጥብ ከተላከ ኳሷ ቀጥ ካለ ምት በቀር ሁልጊዜ ወፍራም፣ ማለትም ከሚገባው በላይ ወደ መሃሏ፣ ትመታለች፤ ከቀዳዳው ቀድማም የጠረጴዛውን የጠርዝ ላስቲክ ትነካለች።

ሁለተኛው የልክ ዘዴ በክፍልፋይ ነው። ነጯ ኳሷን ምን ያህል እንደምትሸፍናት ማየት ማለት ነው። ሙሉ ከሸፈነቻት ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሦስት አራተኛ ከሆነ 14.5 ዲግሪ፣ ግማሽ ከሆነ 30 ዲግሪ፣ ሩብ ከሆነ 48.6 ዲግሪ፣ አንድ ስምንተኛ ከሆነ ወደ 61 ዲግሪ ትዞራለች። ግማሹ ከሁሉም ይቀላል፤ ስቲኩን በነጯ መሃል አሳልፋችሁ የኳሷን ጠርዝ ማነጣጠር ነው። አምስት ቁጥር መያዝ አያስቸግርም። አስቸጋሪው በመካከላቸው ያለው ነው፤ 22 ዲግሪ ወይም 40 ዲግሪ ሲመጣ በልክ የሚመታውም ተመልሶ በዓይኑ ይገምታል። ይህን ብዙ የስሌት ሰዎች አይቀበሉትም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስህተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማሳየት ነው። በደረጃ የተሰራ ጠረጴዛ የማዕዘን ቀዳዳ አፍ ከ11.4 እስከ 11.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኳሷ መሃሉን ስታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ አላት ማለት ነው። ኳሷ ከቀዳዳው 1 ሜትር ርቃ በ30 ዲግሪ ስትመታ ነጯ በ1 ሚሊ ሜትር ብትስት ኳሷ ቀዳዳው ላይ በ2 ሴንቲ ሜትር ትስታለች፤ ትገባለች። በ48.6 ዲግሪ ያቺው 1 ሚሊ ሜትር 2.6 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ከንፈሩን እየላሰች ትገባለች። በ61 ዲግሪ ግን 3.6 ይሆናል፤ አትገባም። ቀጭን ምት፣ ማለትም ነጯ የኳሷን ጠርዝ ብቻ የምትነካበት፣ «የሚከብደው» ለዚህ ነው፤ የእጅ ድክመት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎቹ። በሩ አጠገብ ያሉት አንደኛውና ሁለተኛው ባለ 7 ጫማ ናቸው፤ መጫወቻቸው ወደ 2 ሜትር በ1 ሜትር ነው። እግራቸው የተስተካከለ ነው። ኳስ በዝግታ ከጫፍ ጫፍ ሲንከባለል መስመሩን አይለቅም። ላስቲካቸውም ደህና ነው። ታዲያ ልክ ያዋርዳል ያልኩት ለምንድን ነው? በኳሶቹ ምክንያት ነው።

አንዷን ኳስ አንሱና መብራቱ ስር አዟዙሯት። ላይዋ ላይ ሰማያዊ የቾክ (የስቲክ ጫፍ የሚቀባው ጠመኔ) ነጠብጣብ፣ የጣት ቅባት፣ ከበሩ የሚገባው የመንገድ አቧራ አንድ ላይ ተጋግሮ እንደ ስስ ቆዳ ይዟል። ጠራጊው ልጅ ማታ ማታ ይጠርጋቸዋል፤ የሚጠርግበት ጨርቅ ግን የጠረጴዛውን እንጨት የሚጠርግበት ያው ጨርቅ ነው። የቆሸሸ ኳስ ሲነካካ ይፋተጋል፣ ፍትጊያው ደግሞ ኳሷን ነጯ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ይጎትታታል። ንጹህ ኳስ ላይም ይህ ጉተታ አለ፤ ቆሻሻው ያባብሰዋል። በዝግታ፣ በግማሽ ኳስ ግድም፣ ነጯ ሳትንከባለል እየተንሸራተተች ስትደርስ ጉተታው ይበረታል፤ እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በ1 ሜትር ርቀት 5 ዲግሪ ማለት ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀዳዳው የሚሰጣችሁ 2.9 ነው። አስቡት።

ይህን ለማየት የሚቀል ፈተና አለ። ሁለት ኳሶችን አጣብቁና መስመራቸው ከ1 ሜትር ላይ በቀጥታ ወደ ማዕዘኑ ቀዳዳ መሃል እንዲያመለክት አድርጉ። ከዚያ የኋለኛዋን ከጎን በግማሽ ኳስ፣ በልስላሴ ምቷት። በልኩ ቢሄድ የፊተኛዋ ሌላ መሄጃ የላትም፤ መግባት አለባት። በአንደኛው ጠረጴዛ ኳሶች ላይ የቀዳዳውን አፍ ትታ ላስቲኩን መታች። ኳሶቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርገው፣ ደርቀው ያው ምት ሲደገም ከንፈሩ ላይ ደርሳ ተንቀጠቀጠች። መግባቷንስ አልገባችም፤ ልዩነቱ ግን በዓይን የሚታይ ነበር።

እዚህ ላይ ነው በዓይኑ የሚመታው የሚያሸንፈው። የማታ ተጫዋቾች እነዚህን ሁለት ጠረጴዛዎች አይለቁም፤ አንዳቸውም ስለ ፍትጊያ አያወሩም። ግን ሁሉም ቀጠን አድርገው ይመታሉ። ኳሱ ያስተማራቸው ነው። አንድ ወጣት ጠረጴዛውን የያዙትን ጎልማሳ «ጋሼ፣ ሲመቱ የት ነው የሚያዩት?» ሲላቸው «የት ልይ? ኳሷን ነዋ!» አሉት። ልጁ ሳቀ፣ እሳቸውም የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ ከተው ሳንቲማቸውን ሰበሰቡ። መልሱ ቀልድ ይመስላል እንጂ ሌላ መልስ የላቸውም። ዓይናቸውና ክንዳቸው የዚያን ጠረጴዛ ጉተታ ከብዙ ሺህ ምት ለቅመውታል። ያው ሰውዬ ግን ወደ አራተኛው ጠረጴዛ ሲሄዱ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌሞች ቀጭን እያደረጉ ይስታሉ። የተማሩት የአንድን ጠረጴዛ ውሸት ነው፤ ሌላው ጠረጴዛ ሌላ ይዋሻል፣ ወይ እውነቱን ይናገራል።

በልክ የምትመቱ ከሆነና አንደኛው ላይ መጫወት ግድ ከሆነባችሁ መላ አለው። ቀጠን አድርጉ፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ነጯን ከመሃል ከፍ ወይ ዝቅ አድርጎ መምታት ነው፤ ወደፊት ወይ ወደኋላ የምትሽከረከር ነጭ ጉተታዋ ያነሰ ነው። ጠንከር ያለ ምትም ጉተታውን ይቀንሳል፣ በዚያው ግን ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ሦስተኛው የውጭ ሽክርክሪት ነው፤ ኳሷን ወደ ግራ የምትከቱ ከሆነ ነጯን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ምቱ። ትንሽ ብቻ። ሲበዛ ኳሷን በተቃራኒው ይወረውራታል፣ ነጯም ከስቲኩ መስመር ትወጣለች። ለጀማሪ አይመከርም፤ ቀጠን ማድረጉ ይሻለዋል።

በዓይን መምታት ማለት ግን ዝም ብሎ መምታት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካናዳ ውስጥ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ቪከርስ አትሌቶች ከምት በፊት ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ለዓመታት አጥንተዋል። በእሳቸው መንገድ የሄዱ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት የቢሊያርድ ጥናት ጎበዞቹ ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን አንድ ቦታ ላይ ረዘም አድርገው ያሳርፋሉ፤ የገቡት ምቶች ላይም ከሳቱት ይልቅ ይረዝማል። በተግባር ሲተረጎም ይህን ይመስላል፦ ቆማችሁ ወስኑ። መስመሩ እስኪታያችሁ ከኋላ ተመልከቱ። ወደ ምቱ መስመር እየገባችሁ ጎንበስ በሉ፤ ከጎን ተጣምማችሁ አትምጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስቲኩን አመላልሱ። ቆም በሉ። ዓይናችሁ ኳሷ ላይ ያርፍ፣ ነጯን ተዉዋት፣ ምቱ።

የሚበላሸው ደግሞ ይኸው ነው፦ ጎንበስ ካሉ በኋላ መጠራጠር። ትከሻና እግር የቆመውን መስመር ይዘዋል፣ ዓይን «ቀጭን ነው» ይላል፣ ክንድ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ያርማል። ምቱ ይጣመማል። ጥርጣሬ ከመጣ ቀና ብሎ እንደገና መጀመር ነው። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ይህን የሚያደርግ አላየሁም፤ ወረፋ የሚጠብቀው ስለሚጮህ መሰለኝ።

የአሜሪካዊው ሃል ሁል ዘዴ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ በቪዲዮ የተማሩት ናቸው። ከነጯ መሃል ወደ ኳሷ ጠርዝ መስመር አይቶ፣ ስቲኩን ከጎን አምጥቶ ወደ መሃል ማዞር ነው። ደጋፊዎቹ ሁሉንም ምት በጥቂት እይታ እንይዛለን ይላሉ። ጥቂት እይታ ለስፍር ቁጥር የሌለው አንግል አይበቃም፤ የቀረውን የሚሞላው ያው ዓይን ነው። የሚጠቅመው ነገር ግን አለው፦ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ እንድትቆሙ ያስገድዳል። ሂሳቡን የምትወዱ ከሆነ ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ፣ በስሙ የሚጠራው የነፋስና የውቅያኖስ ኃይል ባለቤት፣ በ1835 የቢሊያርድን ኳስ ሽክርክሪት ሂሳብ አሳትሞ ጨርሶታል። የትኛውም የፑል ቤት ክርክር እሱ ጋ አይደርስም።

በመካከል አንድ ነገር፦ ማንም ስለ ማነጣጠር ከመከራከሩ በፊት ምቱን ይፈትሽ። ነጯን በጠረጴዛው ርዝመት መሃል መስመር ላይ አስቀምጡ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ወደ ሩቁ ላስቲክ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱና ስቲኩን እዚያው አቁሙት። ተመልሳ ጫፉን ከነካች ምታችሁ ቀጥ ነው። ወደ ጎን ከተመለሰች መሃሏን አልመታችሁም፣ ሳታውቁት ሽክርክሪት ሰጥታችኋታል። ከአሥር ሰባቱ የማይመለሱ ከሆነ የማነጣጠር ዘዴ መቀያየር ጫማ ጠቦት ካልሲ እንደመቀየር ነው። ይህን በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት፤ ደረጃው የተስተካከለ ስለሆነ ጥፋቱን በጠረጴዛው ላይ ማሳበብ አይቻልም።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ባለ 8 ጫማ ነው፤ ጨርቁ ከሁሉም አዲሱ ነው፣ ኳሶቹም ደህና ናቸው። ሆኖም ለሁለቱም ተጫዋች አይሆንም። የተቀመጠው ግድግዳ ሥር ነው። በረዥሙ ጎን ከጠረጴዛው እስከ ግድግዳው ያለው ክፍተት 1 ሜትር ከስንዝር አይሞላም፣ ስቲኩ ግን 145 ሴንቲ ሜትር ነው። ነጯ ከዚያ ጎን ላስቲክ ስትጠጋ መያዣውን ማንሳት ግዴታ ነው። ስቲክ ከኋላ ሲነሳና ምቱ ከመሃል ትንሽ ሲወጣ ነጯ ቀስት ሰርታ ትሄዳለች። መስመራችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ነጯ በመስመሩ አትሄድም፤ ዓይንም ይህን አይማረውም፣ ምክንያቱም የመያዣው ከፍታ በየምቱ ይለያያል። ቤቱ ለዚህ አንድ አጭር ስቲክ አስቀምጧል፤ የጫፏ ቆዳ እንደ እንጉዳይ ተንጠፍጥፎ ከእንጨቱ ወጥቷል። ጠረጴዛውን በ40 ሴንቲ ሜትር ወደ መሃል ቢገፉት ችግሩ ያልቃል። ከመሃል ደግሞ የሚያልፉት የቢራ ሳጥኖች ናቸው።

ስለ ስቲኮቹ ካነሳን፦ በመደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ አሉ። ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል የተለመደ ፈተና ነው፣ ግን መገጣጠሚያው ላይ ያለ ትንሽ ጠማማነት እንደ ትልቅ ያታልላል። አንዱን ጫፍ ከዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ በርዝመቱ እያዩ ማዞር ይሻላል። ሦስቱ በግልጽ ጠማማ ናቸው። ጥሩዎቹ የመያዣቸው ቫርኒሽ የለቀቀ፣ ቀለማቸው የጠፋ ሁለቱ ናቸው፤ ስለማያምሩ ማንም አያነሳቸውም። የቆዳውን ጫፍ በጣት ንኩት፤ ካንጸባረቀና እንደ ፕላስቲክ ከለሰለሰ ቾክ አይይዝም፣ ነጯ ትንሸራተታለች።

አራተኛው በስተኋላ ነው፤ ሌላው ቢቀር ለሱ ብቻ መሄድ ይገባል። ባለ 9 ጫማ ነው፣ መጫወቻው 254 በ127 ሴንቲ ሜትር። ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ጨርቁ ጸጉር የሌለው ስስ የሱፍ ጨርቅ ነው። ኳሶቹ በቤልጅየም የሚሰሩት አራሚት ናቸው፣ በሳጥናቸው ተለይተው ከቆጣሪው (ጌሙን ከሚቆጥረው ሠራተኛ) ዘንድ ይወጣሉ። ቀዳዳዎቹ ከሌሎቹ ጠበብ ያሉ ናቸው፣ ከንፈራቸው አልተፈገፈገም። የማትታየዋ ኳስ ዘዴ በመጀመሪያው ሰዓት የምትማሩት እዚህ ላይ ነው፤ ስትስቱ የሳታችሁበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። አንደኛው ላይ ስትስቱ ጥፋቱ የእናንተ ይሁን የቾኩ አታውቁትም፣ ያላወቁት ስህተት ደግሞ አይታረምም።

አንድ ጉድለት አለው፤ መብራቱ። በዓለም የፑል ማኅበር (WPA) ደረጃ መሠረት የጠረጴዛው ወለልና ላስቲኩ ቢያንስ 520 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ብርሃን ማግኘት አለባቸው፣ የመሃሉ ብርሃንም ከላስቲኩና ከማዕዘኑ ጎላ ብሎ እንዳይበልጥ ይመከራል። እዚህ ያለው በመሃል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ነው። የኳሷ ጥላ ወደ ማዕዘን ይወጣል፤ በክፍልፋይ የሚመታ ሰው ደግሞ የኳሷን ጠርዝ ይፈልጋል። ማዕዘኑ አካባቢ ጥላውን እንደ ጠርዝ ይይዛል። ሌላ ሁለት አምፖል ግራና ቀኝ ቢሰቀል ይፈታል። እስከዚያው ማዕዘን ጋ ያለችን ኳስ ስትመቱ የመነኪያ ነጥቧን ከቅርብ ሄዳችሁ እዩ፤ ከነጯ ኋላ ቆማችሁ አትመኑ።

ጥቁሯንም ነጯንም ከመምታታችሁ በፊት ጠራርጓቸው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ ከዚያ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ የቤት መጥረጊያ ዱቄት ላያቸውን ይጨርሰዋል። አሥራ ስድስቱን ለመጥረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቆጣሪው ጨርቅ ይዛችሁ ስትመጡ ትንሽ ይስቃል፤ ግን አይከለክልም። እንዲያውም ባለፈው የሁለተኛውን ኳሶች ጠርጋችሁ ስጡኝ ብሎ ጠይቋል፤ ጥሩ ምልክት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠረጴዛው ሌላ ነው። የፊት ለፊቱ በር ክፍት ስለሚሆን ጨርቁ እርጥበት ይስባል፣ ኳሶቹም ይዘገያሉ። ዝግታ ደግሞ ጉተታን ይጨምራል። በክረምት በልክ የምትመቱ ከሆነ ከበሩ ሁለቱን ጠረጴዛ ተዉአቸው። ለበጋ ያስተካከላችሁት ፍጥነት ሁሉ ያጥራል፤ ነጯ ወደምትፈልጉበት ቦታ ሳትደርስ ትቆማለች።

መስተንግዶው ይሄዳል። ማኪያቶው ከጎረቤት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ይዘገያል፤ ብርጭቆውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጡትን ቆጣሪው ይቆጣል፣ ትክክል ነው። ሲጋራ እንዳያጨሱ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፤ ማንም አያነበውም። ለመለማመድ የሚመች ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ነው፤ ያኔ በጌም ሳይሆን በሰዓት ተነጋግሮ ማስያዝ ይቻላል፣ በጌም እየተከፈለ አንድ ምት ሃያ ጊዜ መደጋገም ስለማይሆን። አራተኛውን የምትፈልጉ ከሆነ ቅዳሜ አትሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው በወረቀት ይጻፋል፣ ወረቀቱ ደግሞ ይጠፋል።